የቅዳሜ ውሾች

ገቢሳ ውሻ ሊያስተምር ነው ሲባል የነቀምቴ ሰው የሳቀው ሳቅ ጎረቤት ከተማ ኡኬ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ቀበሌ አዳራሽ እየተጠራ የማይገባውን ሲማር ይውል ስለነበር፣ «ኧረ ውሻችን እንኳ ይረፍበት!» ያላለ አልነበረም። ሳቁ ለክፋት አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. የሚያስቅ ነገር ያገኘ ሰው ቶሎ አይለቀውም ነበር፤ ሌላ መቼ እንደሚያገኝ አያውቅማ።

ገቢሳ ወጣትነቱን የጨረሰው አዲስ አበባ፣ ከፖሊስ ውሾች ጋር ነው። ማደሪያቸውን ከመጥረግ ተነሥቶ ገመድ ይዞ ዱካ እስከ መከተል ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ግራ እግሩ ተሰበረና ተሰናበተ። አገሩ ሲገባ ይዞት የመጣው ሀብት አንዲት ቡችላ ነበረች፤ ነጭና ቡናማ ዝንጉርጉር ስለሆነች ቡሬ አላት። ሚስቱ ድርቤ «የሰው ባል ከአዲስ አበባ ጨርቅ ያመጣል፣ ሳሙና ያመጣል፤ የእኔው ውሻ አመጣልኝ» እያለች ለጎረቤት ታማው ነበር። ይሁን እንጂ ከራሷ ቀድማ ቡሬን የምታበላት እሷው ነበረች።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጆቴ። በመጀመሪያው የብሔራዊ ውትድርና ዙር ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ተመልሶ የመጣው መርዶው ብቻ ነው። ድርቤ ልጇ ይለብሰው የነበረውን ጋቢ አጣጥፋ በሣጥን አስቀመጠችው። አታጥበውም። «ካጠብኩት ሽታው ይሄዳል» ትላለች። ገቢሳ ስለ ሽታ ከከተማው ሰው ሁሉ የበለጠ ያውቃል፤ ሽታ በሣጥን ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አልነገራትም። እሱም ቢሆን እንባውን የሚያፈስበት ቦታ ጠፍቶበት ነበርና ወደ ውሾች ዞረ።

ነገሩ የተጀመረው በከርከሮ ነው። ከከተማው ጫፍ ያለው በቆሎ ገና እሸት ሳለ በከርከሮ አለቀ። ጠባቂ ውሾች ሞልተዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ከርከሮው ግን ጩኸቱን ለምዶት በጥሞና ይበላል። ገቢሳ ይህን አይቶ፣ «የሚጮኽ ውሻ ሳይሆን የሚያሸት ውሻ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከርከሮው ቀን የት እንደሚተኛ የሚያሳያችሁ» አለ። አፍንጫ ያለው ውሻ የት ይገኛል ብለው ሲጠይቁት ተናደደ። «ያለ አፍንጫ የተፈጠረ ውሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ውሾቻችሁን ይዛችሁ ወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ኑ!»

በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጡት ለማሾፍ የመጡ ነበሩ። ገቢሳ አሮጌ ባልዲ፣ ቁና፣ ቅርጫትና የተሰነጠቀ ገንቦ በሜዳው ላይ ደፍቶ ደርድሯል። ከአንዱ ሥር ቋንጣ አለ፤ ከቋንጣው ጋር ደግሞ በቅርንፉድ የታሸ ጨርቅ። ሥራው ቀላል ነው፤ ውሻው ከየትኛው ሥር እንዳለ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ይበላል። በኋላ ቋንጣው ይወጣና ጨርቁ ብቻ ይቀራል፤ ውሻው ቅርንፉዱን አግኝቶ ቁጭ ሲል ቋንጣውን ከጌታው እጅ ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ሰውን ማስተማር ነበር። ባለ ውሻው ሁሉ ገመድ ይጎትታል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ «እዚህ! እዚህ!» እያለ ይጮኻል።

«አንተ የት እንዳለ ታውቃለህ እንዴ?» ይላል ገቢሳ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ የሚያውቀውን ለምን ትመራዋለህ? ገመዱን አላላ፣ አፍህን ዝጋ፣ ተከተለው። ውሻውን እመነው።»

ይህን አባባል በየቅዳሜው ሳይሰለቸው ይደግመው ነበር። የጅራቱን አወዛወዝ፣ ድንገት የአንገቱን መታጠፍ፣ የአተነፋፈሱን መለወጥ እንዲያዩ ያስተምራቸዋል። እነሱም ማየት ጀመሩ። ለዓመታት ደጃቸው ላይ አስረው ፍርፋሪ የወረወሩለት እንስሳ እነሱ የማያዩትን ዓለም እንደሚያይ ሲገባቸው፣ አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዳንዱ አፈረ።

ቅርንፉዱን የሚያመጣው ባለ ሱቁ ረዲ ነው። ጉራጌ ነው፤ እስላም በመሆኑ የውሻ ምራቅ እንዳይነካው ይጠነቀቅ ነበርና እጁን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከሌላው ሰው ሁሉ የረዘመ ገመድ ይዞ ይመጣል። ሰው ይስቅበታል። የሚገርመው ገመዱ በመርዘሙ ውሻውን መጎተት አይችልምና የእሱ ውሻ ከሁሉ ቀድሞ ተማረ። ጠላ ሻጯ ዘርፈሽ ደግሞ በአተላ ያበጠ ውሻዋን ይዛ ትመጣለች፤ ውሻዋ አንድ ጊዜ ቅርንፉዱን አገኘና እዚያው ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። «ይኸ የዘርፈሽ ደንበኛ ነው!» ተባለ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ተለመደ። የፕሮቴስታንቱ ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ፣ ሰው ያለ ስብሰባ ጥሪ የሚገናኝበት ስፍራ አልነበረም። ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ የአብዮት ጠባቂ ይመጣል። ውሻ የያዙ ሠላሳ ሰዎች ግን ሜዳ ላይ ቢሰበሰቡ ማንም ምንም አይልም። ውሻ የሌለው እንኳ ገመድ ይዞ መምጣት ጀምሮ ነበር ቢባል ይታመናል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተረፈም መጣ። አንድ የተሻረ ባለሥልጣን ትቶት የሄደ ትልቅ ጥቁር ውሻ ነበረው። ተረፈ ክፉ ተማሪ አልነበረም፤ ዝም ብሎ ያያል፣ የሰማውን አይረሳም። አንድ ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ገቢሳን ወደ ጥግ አድርጎ፣ «ቅርንፉድና ከርከሮ ብቻ ነው ወይስ ሰውም ያገኛሉ?» አለው።

«ሰውማ ከሁሉ ይቀላል» አለ ገቢሳ። ሙያው የተመሰገነለት ሰው አፉን መቼ ይይዛል!

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ሰው መፈለግ ተጀመረ። የሚደበቀው ደረሳ ነበር። ደረሳ አጥር የምትጋራቸው መበለት የሸዋርጋ ብቸኛ ልጅ ነው፤ ከጆቴ ጋር ከአንድ ገበታ በልቶ ያደገ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ። ነጠላውን ትቶ ሄዶ ሣር ውስጥ ይተኛል፤ ገቢሳ ነጠላውን በእንጨት አንሥቶ ፌስታል ውስጥ ይከታል። «በእጃችሁ አትንኩት፤ የእናንተ ሽታ ይቀላቀልበታል» ይላል። ቡሬ ነጠላውን አሽትታ ትሄድና ደረሳን ታገኘዋለች፤ ፊቱ ቁጭ ትላለች። ልጁም «ጋሪ፣ ቡሬ!» እያለ፣ ጎበዝ ማለቱ ነው፣ ጆሮዋን ያሻሻታል። ድርቤ ጎን ለጎን ቆማ ትስቅ ነበር። ጆቴ ከሞተ ወዲህ ገቢሳ የሚስቱን ጥርስ ያየው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ረግረግ ሆነና ቅዳሜው ቀረ። በዚያው ክረምት ሌላ የውትድርና ዙር መጣ። ደረሳ ስሙ በተጠራ ማግስት ጠፋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ መጀመሪያ የተያዘችው ሸዋርጋ ነበረች። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀምጠው «ልጅሽን አምጪ» አሏት። የት እንዳለ በእውነት አታውቅም ነበር፤ ልጁም ያልነገራት ለዚህ ነው። ፊቷ አብጦ ለቀቋት። ድርቤ ገላዋን በሞቀ ውኃ ስታጥብላት ዋለች፤ ስትመለስም እራት አልቀመሰችም።

ደረሳ የት እንዳለ የምታውቀው ድርቤ ብቻ ነበረች። የታሸገውን ጸሎት ቤት ድሮ የምታጸዳው እሷ ነበረች፤ ፊት ለፊቱ በር በሰም ሲታሸግ፣ ከጓሮ ያለው የዕቃ ቤት ቁልፍ እሷ ዘንድ እንደቀረ ማንም አላስታወሰም። ለላሚቱ ሣር ላጭድ ብላ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ከሣሩ ሥር ምግብ አለ። ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ስላላመነችው አይደለም። ተረፈ ከውሻ አስተማሪው ደጅ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ባሏ ካላወቀ ቢገረፍም የሚናገረው አይኖረውም ብላ ነው። በዚያ ዘመን መዋደድ ማለት አለመንገር ነበር። ሆድ ይፍጀው እያለ ስንቱ ቤት በዝምታ ኖረ!

በመስከረም መጨረሻ ተረፈ ወደ ገቢሳ ቤት መጣ። በእጁ የታሰረ ፌስታል ይዟል፤ ውስጡ ጋቢ ነበር።

«ከደረሳ አልጋ ላይ ነው ያነሣሁት። በእንጨት ነው ያነሣሁት፣ እንዳስተማርከን» አለ። መመስገን የፈለገ ይመስል ነበር። «ኮታችን አልሞላም። አውራጃው በየቀኑ ይጠይቀኛል። ልጁ ካልተገኘ የምሄደው እኔ ነኝ፤ እኔ ከሄድኩ ደግሞ ብቻዬን አልሄድም። ነገ ጠዋት ባለ ውሾች በሙሉ ከሸዋርጋ ደጅ ትነሣላችሁ። አንተ ትመራለህ።»

«እሺ» አለ ገቢሳ። ሌላ ምን ይበል?

ወሬው ሳይውል ሳያድር በከተማው ተዳረሰ። የዘርፈሽ ውሻ ድንገት ታመመ። የገበሬው የፉፋ ውሻ ገመድ በጥሶ ወደ ገጠር ጠፋ ተባለ፤ ፉፋ ራሱ ነበር ደብቆ ይዞት የሄደው። ረዲ ሱቁን ዘግቶ ወደ ገቢሳ መጣ።

«ኦቦ ገቢሳ፣ ውሻዬን አንድ ድስት ሙሉ ገንፎ በቅቤ አብልቼዋለሁ። ነገ አይደለም ሰው፣ የራሱን ጅራት አያገኝም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተም አብላት። ወይ አሳምማት። ቡሬ ካልወጣች ተረፈ ምን ያደርጋል?»

«ቡሬ ትወጣለች» አለ ገቢሳ።

ረዲ አየው፤ አየውና ሄደ።

ገቢሳ ግን የራሱ ዕቅድ ነበረው፤ ክፉውም እሱ ነው። ከሰበብ የተሻለ ነገር አገኘሁ ብሎ አሰበ። ውሾቹ ካልወጡ አሰሳው ለሌላ ቀን ይተላለፋል እንጂ አይቀርም። ቡሬ ወጥታ፣ አሽትታ፣ ከተማውን ዞራ ካጣች ግን ነገሩ ያበቃል። ተረፈ በቡሬ አፍንጫ ከመጽሐፍ ይልቅ ያምናል፤ «ልጁ በከተማው የለም፣ ወደ ሱዳን ተሻግሯል» ብሎ ለአውራጃው ሪፖርት ያደርጋል። ደረሳ የትም ይሁን የት ያርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጋቢውን መለወጥ ብቻ ነው፤ ጋቢ ደግሞ ሁሉም ነጭ ነው፣ ማን ይለየዋል?

በምን ይለውጠው? በዚህ ላይ ብዙ አሰበበት። የሌላ ሰው ጋቢ ቢያስገባ ቡሬ ያንን ሰው ታገኘዋለች፤ ያ ሰው በደረሳ ፈንታ ይታሰራል። የራሱን ቢያደርግ የገመዱን ያዥ እያሸተተች ትዞራለች፤ ተረፈም ይነቃል። ከረዲ ሱቅ አዲስ ቢገዛ የረዲ እጅ አለበት። በከተማው ያለ ጨርቅ ሁሉ የአንድ ሕያው ሰው ነው። ሽታው ማንንም የማይጎዳ አንድ ጨርቅ ብቻ ነበረ፤ የሞተ ሰው ጨርቅ።

ድርቤ ሣር ልታጭድ ስትወጣ ሣጥኑን ከፈተ። የልጁን ጋቢ ካየው ቆይቷል። በእንጨት ለማንሣት አሰበና አልቻለም፤ አንድ ጊዜ በሁለት እጁ አቅፎ ፊቱን ቀበረበት። የደረቀ ሣር፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለው። የጆቴ ሽታ ከዚያ ውስጥ የት እንዳለ ፈልጎ አጣው፤ ዓመት አልፎታል፣ ሣጥኑም መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው ብሎ ተወው። የስንቱን አፍንጫ ያስተማረ ሰው በዚያች ሰዓት የራሱን አፍንጫ አልሰማም። ጋቢውን በፌስታሉ ከተተ፤ የደረሳን ጋቢ በቡሬ ማደሪያ ጭድ ሥር ደበቀው። ስለ እጁ ሽታ አልተጨነቀም። ቢበዛ ቡሬ ወደ ራሴ ቤት ትመራቸዋለች፣ እኔን ይሰሩኝ አለ በልቡ። ከጆቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው፤ የሞተው ልጁ ጓደኛውን የሚያድን መሰለው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ድርቤ ፊቱ ቆመች።

«አባ ጆቴ፣ ነገ አትሂድ።»

«ታዝዣለሁ።»

«እግሬን አመመኝ በል። ውሻዋን ሥጋ አብላት። ሁሉም ሰበብ አግኝቷል፣ አንተ እንዴት ታጣለህ?»

«ዝም በይ፣ ሀዳ ጆቴ» አላት፣ የጆቴ እናት ብሎ። « የማደርገውን አውቃለሁ።»

«ምንድን ነው የምታውቀው? ንገረኝ!»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከአጥሩ ውጭ የአብዮት ጠባቂው ሳል ተሰማ፤ አፉን ዘጋ። እሷም የሆነ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እሷም ተወችው። አንዳቸው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሳስብ እበሳጫለሁ፤ ግን ማንን ትወቅሳለህ? ሁለቱም ያደረጉት ትክክል ነበር።

ጠዋት ከሸዋርጋ ደጅ የተገኘ ባለ ውሻ ገቢሳ ብቻ ነበር። ተረፈ ጥቁሩን ውሻውን እንኳ አላመጣም፤ በቡሬ ይተማመናል። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። ሰው በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያያል፤ ማንም ሰላም አላለውም። ሸዋርጋ ከደጃፏ ላይ መሬት ተቀምጣ፣ «ገቢሳ፣ ልጅህን ባሳደግኩበት እጄ» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ቆይ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ታመሰግኚኛለሽ አለ በልቡ።

ፌስታሉን ከፍቶ ለቡሬ አቀረበላት። ቡሬ አፍንጫዋን አገባች፣ አወጣች፣ አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ አንገቷ ታጠፈ።

ገቢሳ መጀመሪያ ድመት ያየች መሰለው። ቡሬ ግን አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣች፤ ጅራቷ ቀጥ አለ፣ አተነፋፈሷ ተለወጠ። ገመዱ በእጁ ውስጥ ተወጠረ። ይህንን ውጥረት ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። የሞተ ልጅ ዱካ የለውም፤ ታዲያ ይህ የማን ነው? ገመዱን ወደ ኋላ ሳበው።

«ጓድ ተረፈ፣ ተሳስታለች። ከርከሮ ነው ያሸተተችው። እንመልሳት።»

«ገመዱን አትጎትት» አለ ተረፈ፣ በእርጋታ። «ውሻውን እመነው አይደል የምትለን? አላላው።»

አንደኛው ጠባቂ ገመዱን ከገቢሳ እጅ ላይ አላላው። ቡሬ በታሸገው ጸሎት ቤት አጥር ዞረች፣ ረጅሙን ሣር ሰንጥቃ ወደ ጓሮው ገባች፣ ከዕቃ ቤቱ በር ፊት ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ዘወር ብላ ገቢሳን አየችው፤ እንዲያመሰግናት ጠበቀች።

በሩን በሰደፍ ሰበሩት። ደረሳ ከተደራረቡት አግዳሚዎች ኋላ ነበር፤ ጢሙ በቅሏል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። ገቢሳ እግሩን እየጎተተ ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ ለምን እንደቀደመ ራሱም አያውቅም። ልጁ ጉልበቱ ላይ ያደረገውን ብርድ ልብስ አየ። ድርቤ ኡኬ ላለችው ለታመመች የወንድሟ ሚስት ሰጠሁት ያለችው ብርድ ልብስ ነው። ወለሉን አየ፤ ሲሚንቶ ነው፤ ለመኝታ የደረቀ ሣር ተጎዝጉዞበታል። የሷ አገልግል ከጎኑ አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። ክረምቱ ሲበረታ ልጁ እንዳይበርደው የልጇን ጋቢ ሰጥታዋለች፤ ብርድ ልብሱን ስታመጣለት ደግሞ ጋቢውን መልሳ፣ ሳታጥብ፣ እንደ ነበረ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቡሬን ወደ ደረሳ የመራት ሽታ፣ እሱ በገዛ እጁ ከሣጥኑ ያወጣው ነው።

አገልግሉን በእግሩ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋው። ማድረግ የቻለው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ማን አስገባህ?» አለ ተረፈ።

«ማንም። በጣሪያ ነው የገባሁት» አለ ደረሳ። ልጁም አገልግሉ ሲገፋ አይቷል። ከዚያ ቡሬ አሁንም ቁጭ ብላ እንደምትጠብቅ አይቶ፣ እጁን ከመታሰሩ በፊት ዘርግቶ ጆሮዋን አሻሻት። «ጋሪ፣ ቡሬ» አላት። ገቢሳን ግን አላየውም።

ሲወስዱት ሰው ሁሉ መንገዱ ዳር ቆሟል። የሸዋርጋ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ተረፈ የገቢሳን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «አብዮቱ ያመሰግንሃል» አለና ፌስታሉን ወረወረለት፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል? ደረሳ በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ነቀምቴ ውስጥ ያየው የለም፤ ለሸዋርጋ መርዶ እንኳ አልመጣላትም።

ገቢሳ ቤቱ ሲገባ ድርቤ አልነበረችም፤ ሸዋርጋን ይዛ ታለቅሳለች። የጆቴን ጋቢ አጣጥፎ በሣጥኑ ውስጥ እንደነበረው አስቀመጠው። የደረሳን ከጭዱ ሥር አወጣ፣ አራግፎ በፌስታሉ ከተተው፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እውነቱን ሊነግራት አስቦ ነበር። ላድነው ነበር፣ አልሸጥኩትም፣ እንዲህ አድርጌ እንዲህ ሆነብኝ፤ አንቺ ታምኚኛለሽ ሊላት።

ድርቤ ገባች። አልጮኸችም። በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

«ምንድን ነው ያሸተተችው?» አለች።

ገቢሳ ቀና ሲል ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም። ሣጥኑን ነበር የምታየው። ክረምቱን በሸሸገችው ነገር፣ በገዛ ደግነቷ፣ ልጁን ያስያዝኩት እኔ ነኝ ወይ ብላ እየጠየቀች ነበር። መርዶ በመጣ ቀን እንኳ እንዲህ ፈርታ አላያትም። እውነቱን ቢነግራት እሱ ይነጻል፤ እሷ ግን ያን ጋቢ እየዳሰሰች የምትኖርበት ቀን ያልቅባታል።

«የደረሳን ጋቢ ነው» አለ። ፌስታሉን ከፍቶ አሳያት። «ይኸው። ተረፈ ከአልጋው ላይ ያመጣው።»

«ሌላ ነገር አላሸተተችም?»

«ሌላ ምን ታሸታለች?»

ድርቤ ቀርባ ጋቢውን አገላብጣ አየችው። በጫፉ ላይ ሸዋርጋ የሰፋችውን ጥልፍ አወቀችው። ትከሻዋ ወረደ፤ ትንፋሿን ለቀቀችው፤ «ያ ዋቃዮ» አለች ቀስ ብላ፣ አምላኳን እንደምታመሰግን። ገቢሳ ያን አየና ልቡ አረፈ። እረፍቱ ግን ለአንዲት አፍታ ብቻ ነበር። ድርቤ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ አሁን ፍርሃቱ ሄዶ ሌላ ነገር መጥቷል።

«የእሱ መሆኑን እያወቅህ አስሸተትካት?»

«እያወቅሁ።»

«እኔ እየለመንኩህ?»

ገቢሳ ጋቢውን ከእጇ ወሰደ።

«ጆቴ እንኳን ሞተ» አለች ድርቤ። «አባቱን ሳያውቅ እንኳን ሞተ።»

ገቢሳ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ላይ አደረገውና ለሸዋርጋ ሊመልስ ተነሣ። በአጥሩ መሀል የሚያሾልክ መተላለፊያ አለ፤ ሁለቱ ቤቶች ዕድሜ ልካቸውን የሚገናኙት በዚያ ነው። ገቢሳ በዚያ አልሄደም። ድርቤ ከቶ እንዳትጠራጠር፣ ሰው ሁሉ አይቶ እንዲነግራት፣ የደረሳን ጋቢ በክንዱ ዘርግቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ በቀትር በትልቁ መንገድ ዞሮ ሄደ።